የፒውተር ማንኪያ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

ዜና ስንጽፍ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ እንዳይዘለል ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሲነገረን ቆይቷል። መቼ ተሾመ፣ መቼ ተመረቀ፣ ጎርፉ መቼ ደረሰ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ የሚመልስ ሰው አለና። የሚናገር ሰው በሌለበት፣ ከአፈር የወጣች አንዲት የተጣመመች ማንኪያ ብቻ ባለችበት ጊዜ ግን «መቼ?» የሚለው ጥያቄ እንዴት ይመለሳል? በዚህ ጽሑፌ በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች፣ ማለትም ጀምስታውን ከተቆረቆረችበት ከ1607 እስከ ነጻነት አዋጁ 1776 ድረስ፣ ሰዎች ይበሉባቸው የነበሩ የፒውተር ማንኪያዎችና ሳህኖች የት እንደሚገኙና ዕድሜያቸው እንዴት እንደሚገመት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ማንኪያ ደግሞ ምን ዜና አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ላይ ብዙም አልሳበኝም ነበር። ነገር ግን ርዕሱን ሳነብ ያገኘሁት ነገር ከማንኪያ ይልቅ ስለ ማስረጃ ነው፤ ያ ደግሞ የኛ ትምህርት ክፍል ጉዳይ ነው።

ፒውተር ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ስሙ ያስቸግራል። በአማርኛ ለፒውተር የተለመደ ስም የለንም። መዝገበ ቃላት «ቆርቆሮ» ይላል፤ ቆርቆሮ ሲባል ግን የማናችንም ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቤት ክዳን ነው። የቤት ክዳኑ ደግሞ ዚንክ የተቀባ ብረት እንጂ እውነተኛው ቆርቆሮ አይደለም። እውነተኛው ቆርቆሮ ነጭ፣ ለስላሳና በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ማዕድን ነው። ፒውተር ማለት ይህ ቆርቆሮ አብላጫውን ይዞ፣ ጥንካሬ እንዲያገኝ ጥቂት መዳብ ወይም አንቲሞኒ ወይም ቢስመዝ የተጨመረበት ድብልቅ ነው። ርካሽ እንዲሆን ሲፈለግ ደግሞ እርሳስ ይጨመርበታል። እርሳሱን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግሊዞች የቆርቆሮ ማዕድን ከኮርንዎል ያወጡ ስለነበር ፒውተር የነሱ ትልቅ ሙያ ሆነ። የለንደን ፒውተር ሠሪዎች ማኅበር በ1348 የጥራት ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ለሳህን የሚሆነውንና ለማሰሮ የሚሆነውን ድብልቅ ለያይቶ ያዝዛል። እንግዲህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቨርጂኒያና ወደ ማሳቹሴትስ የሄደ ሰው ይህንኑ ዕቃ ይዞ ነው የሄደው። ድሃው በእንጨት ገበታና በእንጨት ማንኪያ ይበላ ነበር፤ ትንሽ የተሻለው ፒውተር ነበረው፤ ሀብታሙ ብር። ሹካ በዚያን ጊዜ ብርቅ ስለነበር ገበታው በማንኪያ፣ በቢላና በእጅ ነበር የሚነሣው። በእጅ መብላትን በተመለከተ እኛ የምንደነግጥበት ነገር የለም።

ታዲያ ያን ሁሉ ፒውተር ምን በላው? መልሱ ቀላል ነው፦ ቀለጠ። ፒውተር ለስላሳ ነው፤ ማንኪያ ይጣመማል፣ አንገቱ ላይ ይሰበራል፣ ምድጃ ዳር የተረሳ ሳህን ከንፈሩ ይንጠባጠባል። የተበላሸው ግን አይጣልም። ባለቤቱ ወደ ሠሪው ወስዶ በሚዛን ያስረክብና ጥቂት ጨምሮ አዲስ ይወስዳል። በጊዜው ሰው ሲሞት በሚጻፈው የንብረት ዝርዝር ውስጥ ፒውተር ብዙ ጊዜ በቁጥር ሳይሆን በክብደት የሚመዘገበው ለዚህ ነው። ከዚህም በላይ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ቅኝ ግዛቶቹ የሚላከውን ጥሬ ቆርቆሮ ሲቀርጥ፣ ተሠርቶ ያለቀውን የፒውተር ዕቃ ያለ ቀረጥ ያሳልፍ ነበር። የሀገራቸውን ሠሪ ለመጥቀም ማለት ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ የነበረው ሠሪ ዋና ጥሬ ዕቃው የጎረቤቱ አሮጌ ሳህን ነበር። የ1640 ሳህን የ1690 ማንኪያ ይሆናል፤ ማንኪያው ደግሞ የ1750 ሳህን። በዚህ ምክንያት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፒውተር ከመሬት በላይ እምብዛም የለም። ያለው ከመሬት በታችና ከውኃ በታች ነው።

ከአፈርና ከባሕር

የዕቃን ዕድሜ ለማወቅ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የተገኘበት ቦታ ነው። ለዚህ ከጃማይካዋ ፖርት ሮያል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ፖርት ሮያል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነጋዴና የባሕር ወንበዴ ከተማ ነበረች። ጁን 7 ቀን 1692 ከቀትር በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ መታትና ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ባሕር ውስጥ ገባ። በ1959 ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ ባደረገው ፍለጋ አንድ የኪስ ሰዓት ተገኘ፤ በራጅ ሲታይ ጠቋሚዎቹ የቆሙት በአውሮፓውያን 11 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ላይ ነበር። ከዚያም ከ1981 እስከ 1990 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲና የባሕር አርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ቤቶቹን ከነዕቃቸው እየለዩ አወጡ። ከወጣው መካከል ሳህኑ፣ ማንኪያው፣ ኩባያው፣ ብዙ ፒውተር አለ።

የዚህ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? በወደቀው ግድግዳ ሥር የተገኘ ማንኪያ ከጁን 1692 በኋላ ሊሠራ አይችልም። ቀኑን የሚነግረን ማንኪያው ሳይሆን ግድግዳው ነው። ሲሞን ቤኒንግ የተባለ ሠሪ እዚያው ፖርት ሮያል ይሠራ ነበር፤ ምልክቱ አናናስ ነው። የአናናስ ምልክት ያለበት ሳህን ሌላ ቦታ ብቻውን ቢገኝ «የማን ነው?» ያሰኝ ነበር፤ እዚህ ግን ከተማውም፣ ሠሪውም፣ የመጨረሻው ቀንም አብረው ተገኙ። እርግጥ ባሕሩ ውስጥ ከ1692 በኋላ የወደቀ ዕቃም አለ። ከተማዋ እንደገና ተሠርታለች፤ መርከቦችም መልሕቅ ሲጥሉባት ኖረዋል። ስለዚህ «ከፖርት ሮያል ባሕር የወጣ ነው» ማለትና «ከወደቀው ቤት ወለል ላይ የተነሣ ነው» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ።

ሌላዋ የምወዳት ምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ ነች። በ1930ዎቹ ጀምስታውን ላይ በተደረገ ቁፋሮ የአንዲት የፒውተር ማንኪያ ቅሪት ወጣ። እጀታዋ ላይ የሠሪው ማኅተም አለ፦ ጆሴፍ ኮፕላንድ፣ ቸካታክ፣ 1675። ቸካታክ በቨርጂኒያ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ይህች ማንኪያ አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩትና ዓመት ከተጻፈባቸው የፒውተር ዕቃዎች የመጀመሪያዋ እንደሆነች ይታመናል። አስቡት፤ ብር አይደለች፣ ወርቅ አይደለች፣ የገበሬ ማንኪያ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ በዚያ መንደር አንድ ሰው ፎርጁን ተክሎ ይሠራ እንደነበር ራሷ ትመሰክራለች።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። 1675 ማንኪያዋ የተሠራችበት ዓመት ነው? አይደለም፤ ቢያንስ እንደዚያ ማለት አንችልም። በእንግሊዝ ልማድ በማኅተም ውስጥ ያለ ዓመት ብዙ ጊዜ ሠሪው በማኅተሙ መጠቀም የጀመረበት ነው። ሠሪው በዚያው ማኅተም ሃያ ዓመት ሊመታበት ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «1675 ወይም ከዚያ በኋላ» ነው። አንድ ቃል ነው ልዩነቱ፤ ጋዜጣ ላይ ግን ያቺ «ወይም» መጀመሪያ የምትቆረጠው ቃል ናት።

ስለ ቁፋሮው ጥቂት ልጨምር። ጀምስታውን ላይ የመጀመሪያው ምሽግ በወንዙ ተበልቷል ሲባል ቆይቶ፣ በ1994 ዊልያም ኬልሶ በመሩት ቁፋሮ አሻራው ከመሬት በታች ሊገኝ ችሏል። የእንጨት አጥሩ በስብሶ ካለቀ በኋላ የቀረው በአፈሩ ላይ የሚታይ የጠቆረ ክብ ክብ ብቻ ነበር። አንድ ሰው የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ገብቶ ማንኪያ ቢቆፍር ማንኪያውን ያገኛል፤ የጠቆረውን አፈር ግን ይበትነዋል። ማንኪያው በየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከየትኛው የሸክላ ስባሪ ጋር እንደነበር ከዚያ በኋላ ማንም አያውቀውም። በአሜሪካ በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን የጥንት ዕቃ ከፌዴራል መሬት ያለ ፈቃድ ማውጣትን የሚከለክለው ለዚህ ነው። በግል መሬት ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ባለመሬቱ ነው። እኔ በበኩሌ የሕጉ ልዩነት አይዋጥልኝም፤ አፈሩ የማን እንደሆነ ማንኪያው አያውቅም።

ከአፈር የወጣ ፒውተር እንደ ብር አያበራም። ግራጫ፣ አንዳንዴም ጥቁር ነው፤ ፊቱ ላይ እንደ ኪንታሮት ያበጠ ነገር ይወጣበታል፣ ይላላጣል። አንዳንዶች ይህንን «የቆርቆሮ በሽታ» ይሉታል። ንጹሕ ቆርቆሮ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ ወደ ዱቄትነት ሊለወጥ መቻሉ እውነት ነው። ፒውተር ላይ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ ዝገት ነው፤ የተጨመሩት ማዕድኖች ያንን ለውጥ ያግዱታልና። ለማንኛውም በሽቦ መፈግፈግ አይገባም። ከዝገቱ ጋር ማኅተሙም ይሄዳል።

ቅርጹ የሚናገረው

የተገኘበት ቦታ ካልታወቀ፣ አብዛኛውን ጊዜም አይታወቅም፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቅርጹ ነው። ማንኪያ እንደ ልብስ ፋሽን አለው። እኔ ራሴ የመማሪያ ክፍል ደብተሬ ላይ እየሣልኩ ነው የያዝኩት፤ እናንተም እርሳስ ብታነሡ ይሻላል።

በ1600 አካባቢ ያለው ማንኪያ ጎድጓዳው ክፍል እንደ በለስ ፍሬ ነው፤ ጫፉ ጋ ሰፊ፣ እጀታው ጋ ጠባብ። እጀታው ቀጭንና ባለ ስድስት ማዕዘን ሲሆን መጨረሻው ላይ ጌጥ አለው፦ የዛፍ ፍሬ፣ የሴት ራስ፣ ወይም እንደ ማኅተም ጠፍጠፍ ያለ ክብ። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ጌጡ ይጠፋል። እጀታው ጠፍጣፋ ይሆንና ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ይህንን የፒዩሪታን ማንኪያ ይሉታል፤ ጌጥ የማይወዱት ፕሮቴስታንቶች በእንግሊዝ በገነኑበት ዘመን የመጣ ነውና።

ከ1660 ገደማ ጀምሮ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የሚመጣው ለመለየት ቀላሉ ነው። እጀታው ወደ ጫፉ ሰፋ ይልና ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ሦስት ጣት ያለው እግር ይመስላል። የኮፕላንድ ማንኪያ ከዚህ ወገን ናት። ጎድጓዳው ሞላላ ይሆናል፤ ከጀርባው ደግሞ ከእጀታው ተነሥቶ እየቀጠነ የሚወርድ ጉብታ አለ። ስሙ «የአይጥ ጅራት» ነው። ጌጥ ይመስላል እንጂ ሥራ አለው፤ ማንኪያው የሚሰበረው እጀታውና ጎድጓዳው በሚገናኙበት አንገት ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ብረት መጨመራቸው ነው። በዚሁ ዘመን አንዳንዱ ማንኪያ ጫፉ ላይ የነገሥታት ምስል ይታተምበት ነበር። በ1689 የነገሡት ዊልያምና ሜሪ፣ በ1702 የነገሠችው ንግሥት አን ተቀርጸው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ማንኪያ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ንግሥቲቱ ከመንገሧ በፊት የንግሥና ምስሏን የሚያትም የለምና።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በ1700 አካባቢ ስንጥቁ ይቀርና ጫፉ ሞገድ ይሠራል፣ «የውሻ አፍንጫ» ይሉታል። ከ1710 ገደማ እስከ 1770 ጫፉ ክብ ሆኖ ወደ ላይ ይቀናል፣ መካከሉ ላይ ጉብታ አለው። ከ1760 ወዲህ ደግሞ ጫፉ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ዛሬ በየቤታችን ያለው ማንኪያ የዚህኛው ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ ቅርጽም ሙሉ ምስክር አይደለም። ፒውተር በመዶሻ ከመቀጥቀጥ ይልቅ በነሐስ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየፈሰሰ ነው የሚሠራው። ቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሽ ሆኖ ይገጠማል፤ የመጋጠሚያው መስመር አንዳንዴ በማንኪያው ጠርዝ ላይ ይታያል። ይህ ነሐስ ውድ ነው። ሠሪው ይሞታል፣ ልጁ ይወርሰዋል፣ ወይም ለሌላ ይሸጣል። ፋሽኑ ለንደን ላይ ካለፈ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ኮነቲከት ገጠር ውስጥ በአሮጌው ቅርጽ የሚሠራ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ቅርጽ የሚነግረን «ከዚህ በፊት አይሆንም» የሚለውን ነው እንጂ «እስከዚህ ብቻ» የሚለውን አይደለም።

ባለጆሮ ጎድጓዳ ሳህኖች ላይ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጆሮው የሚሠራው ለብቻው ተሠርቶ በመበየድ ሳይሆን፣ ቅርጽ ማውጫውን ከሳህኑ ጎን አስጠግቶ የቀለጠውን በቀጥታ በማፍሰስ ነበር። ትኩሱ ሳህኑን እንዳያቀልጠው በውስጥ በኩል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይደገፍበታል። ሳህኑ ለቅጽበት ይለሰልስና የጨርቁ ድርና ማግ ይታተምበታል። እናም ከ250 ዓመት በኋላ ሳህኑን ወደ ብርሃን አዘንብሎ የሚያይ ሰው፣ ከጆሮው ትይዩ በውስጥ በኩል የተልባ እግር ጨርቅ አሻራ ያገኛል። ጨርቁ የለም፣ ሠሪው የለም፣ ሽመናው ግን አለ።

ማኅተሙን ማመን

ብር ላይ በእንግሊዝ ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል ይመታል፤ ፊደሉን ከሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። ፒውተር ላይ ግን የዓመት ፊደል የለም። ችግሩ ፒውተር ሠሪዎቹ የብር ምልክት የሚመስሉ አራት ትንንሽ ማኅተሞችን በተርታ መምታት ለመዱ። ሲታይ ብር ያስመስላል፤ የሚነግረን ዓመት ግን የለም። አስተማማኙ የሠሪው ዋና ማኅተም ነው። የለንደን ሠሪዎች ማኅተማቸውን በማኅበራቸው ሰሌዳ ላይ መትተው ያስመዘግቡ ነበር። ከ1666 በፊት የነበሩት ሰሌዳዎች በለንደኑ ታላቅ ቃጠሎ ጠፉ፤ ከ1668 ጀምሮ እንደገና የተመቱት እስከ ዛሬ አሉ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። ሌድሊ ላፍሊን የተባለ ሰው በ1940 «ፒውተር ኢን አሜሪካ» የሚለውን መጽሐፍ ሲያሳትም የሠሪዎቹን ስምና ምልክት እየለቀመ ያሰባሰበው ለዚህ ነው።

«ለንደን» የሚል ቃል የተመታበትስ? እሱንም እንዳታምኑ። የቅኝ ግዛት ገዢ የለንደን ዕቃ ይወድ ነበርና ቦስተንና ፊላደልፊያ የነበሩ ሠሪዎችም በራሳቸው ዕቃ ላይ «ለንደን» ይመቱ ነበር። ማስታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። በተቃራኒው ዘውድ ያለበት ጽጌረዳና አንበሳ ከነጻነቱ ጦርነት በኋላ እየቀሩ ይሄዱና በምትካቸው ንስር ይመጣል። ንስሩ የአሜሪካ መንግሥት ማኅተም የሆነው በ1782 ነው። የአሜሪካ ንስር ያለበትን ሳህን «የቅኝ ግዛት ዘመን» ብሎ የሚሸጥ ሰው እንግዲህ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

ከሠሪው ማኅተም ሌላ ሦስት ፊደላት በሦስት ማዕዘን ተመትተው ይገኛሉ። እነዚህ የባለቤቶቹ ናቸው፦ ከላይ የቤተሰቡ ስም መነሻ፣ ከታች በግራ የባል፣ በቀኝ የሚስት። በጊዜው «ጄ» የምትባለው ፊደል በ«አይ» ትጻፍ ስለነበር «ጆን»ም «ጄን»ም በ«አይ» ነው የሚገኙት። ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትይዝ ከላይ ያለችው ፊደል ለሁለቱም ትሆናለች። በኛ ልማድ ቢሆን አራት ፊደል ያስፈልግ ነበር፤ ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅምና። እንዲህ ያለው ፊደል ከጋብቻ መዝገብ ጋር ሲገናኝ አንዳንዴ ዕድሜን በአሥር ዓመት ውስጥ ያጠብባል። ጋዜጠኛ የሚወደው ሥራ ነው።

አክስቴ የገዙት

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ባለፈው ዓመት ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ማንኪያና ሳህን ገዝተው ፎቶውን ላኩልኝ። ሻጩ «ሁለቱም የ1690 ናቸው» ብሏቸዋል። «ይኸው ታሪክ ገዛሁ» አሉኝ በስልክ። ይህን ርዕስ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ማንኪያው ባለ ሦስት ጣት ነው፣ የአይጥ ጅራትም አለው። ቅርጹ ብቻ ቢታይ ሻጩ ልክ ነው። ጀርባውን አዙረው እንዲያነሡልኝ ጠየቅኳቸው። «ፒውተር» የሚል ቃል ተመትቶበታል። በዚያ ዘመን የነበረ ሠሪ ዕቃው ፒውተር መሆኑን የሚጽፍበት ምክንያት አልነበረውም፤ ገዢው ያውቃል። ይህ ቃል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች ላይ ነው። ሌላም አለ። በእውነት የተበላበት ማንኪያ አንድ ጎኑ ያልቃል፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሳህኑን የሚጠርገው በግራ ጠርዙ ነውና። የአክስቴ ማንኪያ ዙሪያውን እኩል ነው፤ ጭረቱም ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የሄደ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

ሳህኑ ግን ሌላ ነው። ማኅተም የለውም። ጠርዙ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ዞሮታል፤ ይህ ከ1710 ወዲህ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት ከ1675 ገደማ ጀምሮ ተደራራቢ መስመር ነበር፣ ከዚያም በፊት በጣም ሰፊ ጠርዝ። ወለሉ በቢላ ተቆራርጧል፣ ቁርጡ በየአቅጣጫው ነው፣ ከፊሉ በመወልወል ብዛት ደብዝዟል። በታች በኩል ከወለሉ ወደ ጠርዙ የሚታጠፈው ቦታ ላይ የመዶሻ ዱካ በተርታ ይታያል፤ የእንግሊዝ ሠሪዎች ያንን ቦታ ለማጠንከር ይቀጠቅጡት ነበር። ሻጩ በማንኪያው ዋሽቶ በሳህኑ ከእውነቱ ጋር ተቀራርቧል ማለት ነው፤ ዓመቱን ቢስትም።

እዚህ ላይ ነው እርሳሱ የሚመጣው። አክስቴ በዚያ ሳህን ላይ ቲማቲም ቆርጠው ሎሚ ይጨምቁበት ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። እርሳስ ያለበት ፒውተር ላይ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ሲቆይ አሲዱ እርሳሱን ያወጣዋል። እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ለሕፃናት ችግር የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። የዛሬ ፒውተር ብዙውን ጊዜ ያለ እርሳስ ነው የሚሠራው፤ የድሮው ግን በማኅተሙ አይታወቅም።

በቤት የሚቻል ምርመራ አለ። ቆርቆሮ ከውኃ 7.3 ጊዜ ይከብዳል፣ እርሳስ ግን 11.3 ጊዜ። ዕቃውን መጀመሪያ በአየር፣ ቀጥሎ በክር አንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ መመዘን ነው። ለምሳሌ 50 ግራም የሆነ ማንኪያ ውኃ ውስጥ 43.2 ቢመዝን የቀነሰው 6.8 ነው፤ 50 ለ6.8 ሲካፈል 7.35 ይመጣል፣ ከሞላ ጎደል ቆርቆሮ ነው። የቀነሰው 6 ግራም ብቻ ቢሆን ግን 8.3 ይመጣል፤ ይህ ማለት ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ እርሳስ ነው። ትክክለኛው ምርመራ በኤክስሬይ መሣሪያ የሚደረገው ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያየው የላይኛውን ፊት ስለሆነ ዝገት ያሳስተዋል። በውኃው ዘዴም ቢሆን ጥቂት እርሳስ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜው ያጠራጠረ ሳህን ላይ አለመብላት ይሻላል።

ይህንን ስነግራቸው አክስቴ ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ ታሪክ አይበላም በለኛ» አሉ። ሳህኑ አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲጠይቅ የሚያነቡት መግለጫ ጻፍልኝ ብለውኝ የሚከተለውን ላክሁላቸው፦ «ሳህን። ፒውተር። የሠሪ ማኅተም የለውም። ምናልባት እንግሊዝ፣ 1710 ወይም ከዚያ በኋላ። የተገኘበት ቦታ አይታወቅም። ምግብ አይቀርብበትም።»